ውሃ የያዘው ይግባ

አዴ ኑሪያ በጣውንቷ ቤት ሞተች።

የነገረኝ ከድር ነው፤ የቡና አይሱዙ የሚነዳው። ሮቤ የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ መኪናውን አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ሄደችልሽ» አለኝ። ማን ብዬ አልጠየቅኩም።

«የት ተቀበረች?»

«እዚያው። በአዴ ሹክሪያ በኩል።»

«በጣውንቷ በኩል?»

«አዎ» አለና ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ከኋላው የቆመ ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋበት ሄደ። እኔም የሰው መታወቂያ ኮፒ ማድረጌን ቀጠልኩ። ምን ላድርግ?

ከዚያ ወዲህ እናቴን ለመጠየቅ ጎባ በሄድኩ ቁጥር ወሬው ቀድሞኝ ይጠብቀኛል። «ያቺን ደግ ሴትዮ ከደመኛዋ ቤት ጥለሻት መጣሽ የሚሉት እውነት ነው?» ይሉኛል። እውነት ነው። ታማ የተኛች ሴት፣ የገዛ ቤቷ ከወንዙ ማዶ እየታያት፣ ጥያት ሄድኩ። በኋላም ቤቷን ለወንድሟ ልጅ አስረክቤ ወደ ሮቤ መጣሁ። ይህን አልክድም። የማይዋጥልኝ «ደግ» የሚሉት ነገር ነው። አዴ ኑሪያ ደግ አልነበረችም። የደከማት ሴት ነበረች። ሁለቱን የሚለይ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ቦታውን ላላየ ሰው ልንገር። ከጎባ ተነስቶ የሰኔቲን ደጋ ሜዳ ሲያቋርጥ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ወደ ሪራ ቁልቁል መውረድ ሲጀመር ደግሞ ጫካው ድንገት ይውጣል። ዛፉ ሁሉ ጢም አለው፤ ሽበት የመሰለ ነገር ከቅርንጫፉ ይንጠለጠላል፤ ከሥሩ ቡና፣ ከቡናው ሥር ጭቃ። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ጫካው የሚገባ፣ የቡናና የማር መኪና ብቻ የሚሄድበት መንገድ አለ። ያንን መንገድ መሃል ላይ ላጋ ጉራቻ ይቆርጠዋል። ጥቁር ወንዝ ማለት ነው። የሚያጠቁረው የበሰበሰው ቅጠል ነው፤ በጣሳ ሲቀዱት እንደ ቀጭን ሻይ ነው። ትምህርት ቤት ገባር ወንዝ እያሉ ካስተማሩን ውስጥ ነው፤ ወደ ያዶት ይገባል፣ ያዶት ወደ ገናሌ። ድልድይ የለውም።

የሚያናድደው በራሱ ዝናብ የማይሞላ መሆኑ ነው። ጫካው ውስጥ ፀሐይ ወጥታ፣ ጉሬዛዎቹ ዛፍ ጫፍ ላይ ጠጉራቸውን እያደረቁ፣ እሱ ያገሳል። ዝናቡ የዘነበው ላይ ሰኔቲ ነው። መጀመሪያ ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማል፣ ቀጥሎ የቀርከሃ ግንድ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ መኪናም ሰውም አይሻገርም። ግማሽ ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ሦስት ቀንም ሊቆይ ይችላል።

በወንዙ ግራና ቀኝ ሁለት ቤቶች አሉ። በጫካው በኩል ያለው የአዴ ኑሪያ ሻይ ቤት ነው፤ ከጫካው ወጥቶ ወደ ጎባ የሚሄድ ሰው እሷ ቤት ይያዛል። በመንገዱ በኩል ያለው የጣውንቷ፣ የአዴ ሹክሪያ ቤት ነው፤ ወደ ጫካው የሚገባ እሳቸው ቤት ይያዛል። የአገሩ ደንብ እንዲህ ነው፦ ወንዙ ሲጎድል ሻይ የጠጣ ይከፍላል፤ ወንዙ ሲሞላ ግን ውሃ የያዘው ሰው እንግዳ ነውና በልቶ፣ ጠጥቶ፣ አድሮ በነፃ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ የአዴ ኑሪያ በቆሎና ባቄላ እንዴት እንደሚያልቅ አስቡት።

«ዝናቡን ሰኔቲ ያዘንበዋል፣ ሳህኑን ኑሪያ ታጥባለች» ትላለች። ይህን የምትለው እንግዶቹ እየሰሙ ነው። በሕይወቴ እንዲህ እየተሳደበ የሚያበላ ሰው አላየሁም። ገንፎውን አንድ ትልቅ ሰውዬ ፊት ቧ አድርጋ ታስቀምጥና «ብላ! ያንተ ሆድ ከወንዙ ቀድሞ ይሙላና እንገላገል» ትለዋለች። ሰውዬውም ይስቃል። ማንም አይቀየማትም፤ ሳህኑ ሁልጊዜ ሞልቶ ነው የሚመጣው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ስጋ በሚሠራ ቀን ሳልጠይቃት ለእኔ ሽሮ በሌላ ድስት ትጥድልኛለች። በእርግጥ ያንንም እየተሳደበች ነው።

እዚያ የሄድኩት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ከእናቴ ጋር ስንጨቃጨቅ በከረምንበት ጊዜ ነው። ከድር ጎረቤታችን ነው። አንድ ቀን ጓሮ ውስጥ ቆሞ ለእናቴ «ሀረና ጫካ አንዲት ሴትዮ ሠራተኛ ትፈልጋለች። ብቻ ይሉኝታ የሌላት ልጅ ፈልግልኝ ነው የምትለው» አላት።

እናቴ ለአፍታ እንኳ አላሰበችም። «ይሉኝታ ማጣት ከሆነ ሥራው፣ ይቺን ውሰድልኝ!»

ተናድጄ ሄድኩ። ለአንድ ወር ብዬ የሄድኩ ሦስት ክረምት ቆየሁ።

መጀመሪያ ስንገናኝ «እርስዎ» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ስንት ነኝ እኔ? አንድ አሮጊት ነኝ። አንቺ በይኝ፤ አዴ ካልሽኝ ይበቃል።» በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። እኔን ስሜን ጠርታኝ አታውቅም። «ኢንተላ» ነው የምትለኝ፣ ልጅቷ።

ለምን ባለጌ እንደፈለገች የገባኝ ከጊኒር የመጡ ሦስት ማር ነጋዴዎች በተያዙ ጊዜ ነው። ወንዙ አሳደራቸው። ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወርድ ጎድሏል፤ ድንጋዮቹ ጀርባቸውን አውጥተዋል። ተመልሼ ለአዴ ኑሪያ ነገርኳት። «እሺ» አለችና ንፍሮ ጣደች። ነጋዴዎቹ ተቀምጠዋል። ስለ ማር አወሩ። ስለ ከብት አወሩ። ስለ አንድ የሞተ አጎታቸው አወሩ። ወንዙ ከግድግዳው ማዶ ዝም ማለቱ ለሁሉም ይሰማል፤ አንድ ሰው ግን ስለ ወንዙ አያነሳም። ንፍሮው ቀረበ፣ ተበላ። ቀኑ ተጋመሰ። አዴ ኑሪያ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ።

«ሂጂ ንገሪያቸው።»

«ለምን አንቺ አትነግሪያቸውም?»

«እኔ ውሃው ጎድሏል ካልኩ ውጡልኝ አልኩ። እነሱ ጎደለ ወይ ብለው ከጠየቁ ምግብሽ ሰለቸን አሉ። ወጥቶ ማየትም ያው መጠየቅ ነው።»

«ታዲያ እኔስ?»

«አንቺ ማን ነሽ? ማንም። የከተማ ልጅ። ሂጂ!»

ወጣሁና «ውሃው ጎድሏል፤ ምን ትጠብቃላችሁ?» አልኩ።

ሦስቱም ተስፈንጥረው ተነሱ። እፎይታቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። ያኔ አዴ ኑሪያ ከጓዳ ጭልፋዋን ይዛ ብቅ አለች፦ «አንቺ ባለጌ! ማን አሳደገሽ? እንግዳዬን ታባርሪያለሽ? ወላሂ ዛሬ ወደ እናትሽ እልክሻለሁ!» ነጋዴዎቹ ይማልዱልኛል፤ «ተያት አዴ፣ ልጅ ናት፣ አይገባትም» እያሉ ጆንያቸውን ይሸከማሉ። እነሱ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከነሰፈፉ አንድ ቁራጭ ማር አፌ ውስጥ ከተተችልኝ። «ጎሽ» አለች። ደሞዜ ከዚያ የሚበልጥ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ይህ የየዕለቱ ቲያትራችን ሆነ። ወንዙ ይጎድላል፤ እሷ አታይም፣ አትሰማም። ቤት እንኳ አትጠርግም፤ እንግዳ ባለበት ቤት መጥረግም ማባረር ነው። የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ትስብና ወደ እኔ በዓይኗ ብቻ ታያለች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትሰድበኛለች፣ እነሱ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ከእኔ በፊት ምን ያደርጉ ነበር ብዬ ከድርን ጠየቅኩት። ሳቀ። አንድ ጊዜ ሙሽራ ሊያመጡ የሚወጡ ሚዜዎች ተይዘው ነበር አለኝ። ውሃው ጎደለ፤ ሚዜዎቹ አልጠየቁም፣ አዴ ኑሪያ አልተናገረችም፤ ወግ ይዘው እንደተቀመጡ ወንዙ እንደገና ሞላ። እንደገና ጎደለ፤ አሁንም አልጠየቁም። ሙሽራዋ ጠብቃ ጠብቃ በመጨረሻ አባቷ በንዴት «ልጄን አልሰጥም» አሉ። «ከዚያ በኋላ ነው ባለጌ ፈልግልኝ ያለችኝ» አለ።

ከጓዳዋ ሆኜ ያየኋት አዴ ኑሪያ ግን ለእንግዶቹ የምትታየው አልነበረችም። የመጨረሻው ሳህን ከታጠበ በኋላ መደቡ ላይ በጀርባዋ ትጋደምና እግሯን ግድግዳው ላይ ትሰቅላለች። እግሯ ያብጣል። «ያ ረቢ» ትላለች ጣራውን እያየች፤ «ውሃህን ስትወስድ ሰዎችህንም ውሰዳቸው።» እኔ እስቃለሁ። እሷ አትስቅም።

አንድ ጊዜ ድልድይ የሚለኩ ሰዎች መጥተው እነሱም ተያዙ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ድልድይ ይመጣል ሲባል ሁሉም ዓይኑን ወደ አዴ ኑሪያ ወረወረ፤ ሰው የሚቆመው ወንዙ ስላለ ነው፣ ድልድይ ከመጣ ሻይ ቤቷም ስሟም ያበቃል፣ ትቃወማለች ብለው ነው። ከለኪዎቹ አንዱ በትሕትና «እናቴ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አላት።

«ሥሩት» አለች።

«ግን እኮ ንግድዎ…»

«ልጄ፣ ሥሩት። ዛሬ ብትጀምሩ ድንጋይ አቀብላችኋለሁ። እኔ ልተኛ።»

ሽማግሌዎቹ አፈሩባት። ለኪዎቹ ለክተው ሄዱ፤ እስከ ዛሬ ድልድይ የለም። እኔ ግን ያን ቀን ነው የወደድኳት። ከሁሉም ሰው መሃል እውነቱን የተናገረች እሷ ነበረች።

ስለ አዴ ሹክሪያ መናገር አለብኝ። እሳቸው የመጀመሪያዋ ሚስት ናቸው፤ ባላቸው ኦቦ ጀማል ኑሪያን ያገባት በኋላ ነው፣ በወንዙ ሌላ ዳር ቤት ሠርቶላት። ከዚህ እዚያ፣ ከዚያ እዚህ ሲሻገር ኖረ። ሰውዬው ታሞ የሞተው በኑሪያ ቤት ነው፤ ወንዙም በዚያ ቀን ሞልቶ ነበር። አዴ ሹክሪያ በወዲያኛው ዳር ቆመው እጃቸውን እያውለበለቡ ጮኹ፤ ጠብቁኝ ነው የሚሉት። በእስልምና ሬሳ አያድርም። ቀበሩት። ወደ ማታ ውሃው ጎደለና አዴ ሹክሪያ ተሻግረው ሲመጡ ያገኙት አፈር ነው።

«ትንሽ ብትጠብቁ እደርስ ነበር አለች» አለችኝ አዴ ኑሪያ፣ ድንች እየላጠች። «ሬሳ እንግዳ ነው እንዴ፣ ውሃ እስኪጎድል የሚቀመጥ? መቃብሩ ላይ ቆማ ከዛሬ ጀምሮ ውሃሽን አልጠጣም ብላ ማለች። እኔም ማልኩ።»

«አንቺ ለምን ማልሽ?»

«እና ዝም ልበላት?»

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ጠዋት ጠዋት ውሃ ሊቀዱ በአንድ ሰዓት ይወርዳሉ፤ አንዷ በዚህ፣ አንዷ በዚያ፤ ጀርባ ለጀርባ ይቀዳሉ። ወሬያቸውን የሚያመላልሰው ምስኪኑ ከድር ነው። ሻይ ይዞ ይቀመጥና «አዴ ሹክሪያ ገንፎሽ አሁንም ይቋጥራል ወይ ብላለች» ይላል። «የእሷን ወተትስ ወንዙ ነው የሚያልበው በላት» ትላለች አዴ ኑሪያ። ከድር አንዳንዴ ከራሱ የሚጨምር ይመስለኛል።

በሦስተኛው ክረምት አዴ ኑሪያ ጎኗን መያዝ ጀመረች። ጭልፋውን ታስቀምጥና በሁለት እጇ ሆዷን ደግፋ ትቆማለች። ፊቷ ቢጫ ሆነ። ጎባ ሂጂ ስላት «ውሃው ሲጎድል» ትላለች። ውሃው ሲጎድል ደግሞ ቤት ውስጥ እንግዳ አለ፤ ባለቤት እንግዳ ጥሎ አይወጣም። እኔ እንግዶቹን አባርራለሁ፤ ሳባርር ሌሎች ይመጣሉ። በመጨረሻ ለከድር ነገርኩትና ባዶ መኪና ይዞ መጣ። ሁለታችን ብብቷን ይዘን ጋቢና ውስጥ አስገባናት። ስትራገም ሰኔቲ ደረስን።

ጎባ ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። ለእኔ ብቻዬን ሊነግረኝ ወደ በሩ ሲጠራኝ ከአልጋው ላይ «እሷ ምኔ ናት? ሆዱ የኔ ነው፤ ለኔ ንገረኝ» አለችው። ልጁ ተመልሶ አጠገቧ ተቀመጠና ነገራት፤ በደንብ፣ ሳይቸኩል። መድኃኒቱ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ በሽታውን አይነካውም አላት። ጉበቷ ነበር።

«እንግዲያ እዚህ ምን አስቀመጠኝ?» አለች። «ቤቴ ውሰዱኝ።»

በማግስቱ ተነሳን። በእኔና በከድር መሃል ተቀምጣ፣ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ነው የሄደችው። ሰኔቲ ላይ ጉም ነው። ላዩ ጠቁሯል። ከድር መስታወቱን በክንዱ እየጠረገ ይነዳል።

«ከድር፣ ፍጠን» አለችው። «ሰኔቲ ሳያለቅስ። በዚያች ሴት በኩል እንዳልሞት።» ቀጥላ ወደ እኔ፦ «ብሞት እንኳ ተሸክመሽ አሻግሪኝ። ከጀማል አጠገብ ነው የምተኛው። ማዪልኝ።»

«ብቻዬን እንዴት አድርጌ ነው የምሸከምሽ?»

«አንቺማ ሬሳ ሆኜም ውጪ ትይኛለሽ። ማዪ።»

ማልኩላት። ፍጠን ያለችው ከድርም የሚችለውን ያህል ፈጠነ፤ በዚያ ጭቃ አይሱዙ ምን ያህል ይፈጥናል? ሪራን ስናልፍ ዝናቡ ከኋላችን ነበር። ጫካው ውስጥ ስንገባ ጎናችን ነበር። ላጋ ጉራቻ ስንደርስ ቀድሞናል። ድንጋይ ሲንከባለል ሰማን፤ ከዚያ ቀርከሃው መጣ። ከማዶ የሻይ ቤቷ ቆርቆሮ ይታያል።

ከድር ሞተሩን አጠፋ።

አዴ ሹክሪያ ላስቲክ ተከናንበው ከቤታቸው ወጡ። ረጅም ናቸው፣ ቀጭን፤ ከአዴ ኑሪያ በዕድሜ ብዙም አይበልጡም። ጋቢናው ውስጥ ማን እንዳለ አዩ። ፊታቸውን ወደ መኪናው ጎማ አዞሩና ለጎማው የሚናገሩ ይመስል «ውሃ የያዘው ይግባ» አሉ። ደንቡ ነው፤ ሁሉም ሰው ሲያዝ የሚባለው ይኸው ነው። ተመልሰው ገቡ።

«መኪናው ውስጥ እንደር» አለ ከድር በሹክሹክታ።

አዴ ኑሪያ እየተንቀጠቀጠች ነው። ጥርሷ ይንገጫገጫል። «አውርዱኝ» አለች።

ደፍ ላይ ስትደርስ ግን ቁጭ አለች። «ከድር፣ እዚህ ይበቃኛል በላት።»

ከውስጥ፦ «ከድር፣ እንግዳ ደፍ ላይ አይቀመጥም በላት።»

«ከድር፣ ነፋሱ ጥሩ ነው በላት።»

«ኧረ ተዉኝ!» ብሎ ጮኸ ከድር። «በአንድ ክንድ ርቀት ተቀምጣችሁ! ሁለታችሁም ጆሮ አላችሁ፣ አፍም አላችሁ!»

አዴ ሹክሪያ መጡና ከፊቷ ጎንበስ አሉ፤ በአንድ እጅ ትከሻዋን፣ በሌላው ወገቧን ይዘው አነሷት። መደቡ ላይ፣ እሳቱ አጠገብ፣ የበግ ቆዳ ላይ አስተኟት። እኔ ለመርዳት ስጠጋ በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ።

ትኩስ ወተት በጣሳ አመጡ። አጠገቧ አስቀመጡትና ዞሩ። አዴ ኑሪያ ወተቱን አየች። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዋ ውስጥ የገባ ነገር የለም። እጇን ግን አላነሳችም።

«አዴ፣ ጠጪ» አለ ከድር። «የማልሽው ውሃ ላይ ነው። ወተት ውሃ አይደለም። ሼኽ ብትጠይቂም እንደዚሁ ነው የሚሉሽ።»

አዴ ሹክሪያ ጀርባቸውን እንደሰጡ «ውሃ ጨምሬበታለሁ» አሉ።

ከድር ግንባሩን በእጁ መታ። እኔ እኚህን ሴትዮ በዚያች ደቂቃ ማነቅ አማረኝ። ለሞት የቀረበች ሴት ናት፤ አንዲት ቃል ዋጥ ቢያደርጉ ምን ነበረበት?

አዴ ኑሪያ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ጣሳውን በሁለት እጇ ያዘች። የጣውንቷን ጀርባ ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ ጠጣች፤ እስከ መጨረሻው። አፏን በሻሿ ጠረገች።

«አውቀዋለሁ» አለች። «ድሮም ታቀጥኚው ነበር።»

«የቀረ አለ» አሉ አዴ ሹክሪያ።

«አምጪው።»

ሁለተኛውን ጣሳ ሲያመጡ ዞረው አልሄዱም፤ እግሯ ሥር ተቀመጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ስለ ኦቦ ጀማል አላወሩም፣ ስለ ቀብሩም አላወሩም። ያወሩት ስለ አንዲት ላም ነው፤ ሁለቱም የሚያውቋት፣ ድሮ የምትራገጥ ላም። አንዷ ጀምራ ሌላዋ ትጨርሳለች። እኔና ከድር ጥግ ይዘን ገንፎ በላን። አይቋጥርም ነበር።

ጠዋት ስነቃ ወንዙ ዝም ብሏል። ወርጄ አየሁት። ድንጋዮቹ ሁሉ ወጥተዋል፤ ፀሐይ በቅጠሉ መሃል ገብታ ጥቁሩን ውሃ ቢጫ አድርጋዋለች። ማዶ የሻይ ቤቱ በር ላይ ሁለት መንገደኞች ቆመው ባለቤት ያጡ መስለው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እየሮጥኩ ተመለስኩ። ሥራዬም ነው፣ ምዬላታለሁም።

«ውሃው ጎድሏል» አልኩ።

ከድር የመኪናውን ቁልፍ ያዘ፤ የሴቶቹን ፊት አየና መልሶ ኪሱ ከተተው። አዴ ሹክሪያ እሳት ማራገባቸውን አላቆሙም።

«ማን ጠየቀሽ?» አለች አዴ ኑሪያ።

«መቼ ተጠይቄ አውቃለሁ? ተነሺ፣ ቤትሽ እንውሰድሽ።»

«ይሄ የኔ ቤት አይደለም። እዚህ እንድትናገሪ አልቀጠርኩሽም።»

«አሻግሪኝ ብለሽ ያስማልሽኝ አንቺ ነሽ!»

«አስምዬሻለሁ።» ዓይኗን ጨፈነች። ያን ጊዜ እንዴት እንደደከማት አየሁ፤ የአንድ ሌሊት ድካም አልነበረም። «ኢንተላ፣ እዚያ ቤት ሆኜ ያላበላሁት ሰው አለ? እኔን አንድ ቀን ውሃ ይዞኝ አያውቅም። አሁን ይዞኛል። ሰው ጥዶ ይሰጠኛል፣ ሰው ሳህኑን ያጥባል። ተይኝ።»

«አልያዘሽም! ድንጋዩ ሁሉ ወጥቷል እኮ ነው የምልሽ!»

ዓይኗን ገልጣ ወደ አዴ ሹክሪያ አየች፤ እንግዳ ባለቤትን የሚያይበት አስተያየት ነው፣ አውቀዋለሁ፣ ሦስት ክረምት አይቼዋለሁ። ጎደለ ወይ ብሎ መጠየቅ የማይችል ሰው አስተያየት።

አዴ ሹክሪያ ማራገቢያውን አስቀመጡ። የላስቲክ ጫማቸውን አጠለቁና ወጡ። በግድግዳው ቀዳዳ ይታዩኛል። ወደ ወንዙ አልወረዱም። ከቤቱ ጀርባ፣ ጎመኑ መሃል ትንሽ ቆሙ። በሻሻቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ተመልሰው ገቡና እግራቸውን ደፉ ላይ አራገፉ፤ ጫማቸው ደረቅ ነው።

«ሞልቷል» አሉ።

«አልሃምዱሊላህ» አለች አዴ ኑሪያ፤ ራሷን የበግ ቆዳው ላይ መልሳ አሳረፈች።

እኔ አሁንም አፌን ልከፍት ነበር። ከድር ክንዴን ያዘኝ። ያ ሰው ሁልጊዜ ይቀልዳል፤ ያን ቀን ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። ክንዴን አስለቀቅኩና መደቡ አጠገብ ተንበረከክሁ። እሷ ናት እጄን የያዘችው፤ መዳፏ ይሞቃል።

«ቤቴ ሰዎች ቆመዋል አይደል?» አለችኝ።

«ሁለት ናቸው።»

«ሂጂ እሳት አንድጂላቸው።»

እልኸኛ ነኝ። «ውሃው ሞልቷል አልተባለም እንዴ? በምን ልሻገር?»

«አንቺን ውሃ አይይዝሽም» አለች። «ይሉኝታ የለሽም።»

ወጣሁ። ከድር ተከትሎኝ እስከ ዳር ድረስ መጣና ቆመ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ውሃው ከቁርጭምጭሚቴ አላለፈም። መሃል ላይ ስደርስ ዞር አልኩ። አዴ ሹክሪያ ደፋቸው ላይ ቆመው እኔን እያዩ፣ በደረቅ ድንጋይ ላይ ስረማመድ እያዩ፣ ወደ ቤታቸው ውስጥ ይናገራሉ፤ ድምፃቸው እስከ ወንዙ ይሰማል።

«ምን ጉድ ነው! ዛሬስ ጭራሽ ብሶበታል!»